የገቡት ባለቤት ናቸው

መሐንዲሱ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የማሽኑን ጎን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ የመዳፍ ያህል ባዶ ነው፤ በአራቱ ማዕዘን የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ አፋቸውን ከፍተው ይታያሉ።

«የለችም» አለ።

«ትናንት ነበረች!» ሥራ አስኪያጁ ጮኸ፤ ድምፁ በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ዞሮ ተመለሰ። «የተሠራበት ዓመት የተጻፈባት ሰሌዳ! ፍርድ ቤት አንተን የላከህ እሷን እንድታይ አልነበረም? ይኸው ቀደሙህ!»

ኢንስፔክተሩ ጥግ ይዞ የሰውየውን ፊት ያያል። የደም ሥሩ ተገትሯል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የምር የተቆጣ ሰው ነው። ይህ ደግሞ ኢንስፔክተሩን ደስ አላለውም፤ ሲመጣ የሚያስመስል ሰው አገኛለሁ ብሎ ነበርና።

ጣቢያ ውስጥ ኢንስፔክተሩን «ቆይ» ነው የሚሉት። ሌላው ሰው «ገባኝ» በሚልበት ቦታ እሱ «ቆይ» ይላል። ነገር ቶሎ ሲያልቅለት ደስ ከማለት ይልቅ ይጠራጠራል። አለቃው በዚህ ጠባዩ ይማረራል፤ ሚስቱም ትማረራለች፤ እሱ ራሱም አልወደደው፤ ግን ከጠባይ ወዴት ይሸሻል?

ፋብሪካው ፍራሽ ይሠራል፤ ማሽኑ ስፖንጅ ይቆርጣል። ትልቁ ድርሻ የሥራ አስኪያጁና የዘመዶቹ ነው፤ ቦርዱም በእነሱ እጅ ነው። ትንሿን ድርሻ የያዙት ዕድሜያቸውን እዚያው የጨረሱ የድሮ ሠራተኞች ናቸው። እነዚህ ባለ ትንሽ ድርሻዎች ዳይሬክተሮቹን ከሰዋል። «ማሽኑ አሮጌ ነው። አዲስ ተብሎ የተገዛው ከሥራ አስኪያጁ የእህት ባል ነው። ጉባኤው አልተጠየቀም። ኪሳራውን ከኩባንያው ሳይሆን ከኪሳቸው ይክፈሉ» ነው የሚሉት። ፍርድ ቤቱም ማሽኑን አይቶ ዕድሜውን እንዲናገር መሐንዲስ ላከ። መሐንዲሱ በመጣበት ጠዋት ሰሌዳዋ የለችም።

ሳጅኑ ከማሽኑ አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አንዲት ነጭ የወረቀት ጥቅል አነሳ። ኢንስፔክተሩ ሲፈታት ብሎኖቹ ከውስጧ ወጡ። ወረቀቷ አንዱ ጫፏ ሌላው ውስጥ ገብቶ እንዲቆለፍ ተደርጋ ነው የታጠፈችው፤ ውስጧ ዱቄት ቢኖር እንኳ አንዲት ብናኝ አትፈስም። መልሶ ሊያጥፋት ሞከረ። እምቢ አለችው።

«ሌባ የፈታውን ብሎን ጠቅልሎ ያስቀምጣል?»

«ጨዋ ሌባ ይሆናል፣ አለቃ።»

የአዳራሹ በር አልተሰበረም። መስኮቶቹም እንደተዘጉ ናቸው።

*

የጥበቃውን ሽማግሌ ያነጋገሯቸው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁም እዚያው፣ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል። ኢንስፔክተሩ «ውጣልን» ሊለው አሰበና ስርቆቱን ያመለከተው ሰውየው መሆኑን አስቦ ተወው።

«አባባ፣ ትናንት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ወደ አዳራሹ የገባ አለ?»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን በጣታቸው አሽከረከሩ። «ገብተዋል እንጂ፣ ጌታዬ። ሊመሽ ሲል መጡ። ‹ደህና ዋሉ› አሉኝ። ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ወጡ።»

«እና ዝም ብለው አሳለፏቸው?»

«ባለቤት ናቸው እኮ፣ ጌታዬ! ባለቤት በምን አፌ ልከልክል?»

ሥራ አስኪያጁ ከመስኮቱ ተወርውሮ መጣ። «ሰማህ? ከራሳቸው አፍ ሰማህ? በየቀኑ በሬ ላይ ተኮልኩለው ‹እኛም ባለቤት ነን፣ እኛም ባለቤት ነን› የሚሉት እነማን ናቸው? መቀስና ጓደኞቿ አይደሉም? ይኸው! ጥበቃዬን ሳይቀር አሳምነውታል!»

ሽማግሌው ቀና ብለው ጌታቸውን አዩ። አፋቸውን ከፈት አደረጉ። መልሰው ዘጉት።

«እንደሱ ነው፣ አባባ?»

«እኔ ያየሁትን ተናግሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሳቸው ያውቃሉ» አሉ በአገጫቸው ወደ ሥራ አስኪያጁ እየጠቆሙ፤ የሌሊት ጥበቃቸውን ስለጨረሱም ለመተኛት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሳጅኑ «ባለቤት ነን ባዮቹ ሊመሽ ሲል ገብተው ወጥተዋል» ብሎ ጻፈ። ኢንስፔክተሩ በትከሻው አሻግሮ አነበበው። አንድ ነገር ጎረበጠው፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቀም።

*

መቀስ ማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍራሽ ጨርቅ ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ለእጃቸው ይሁን ለምላሳቸው የሚያውቅ የለም። ክሱን ያነሳሱት፣ ሌሎቹን ያስተባበሩት፣ ከጠበቃ ጠበቃ የተንከራተቱት እሳቸው ናቸው። ሳጅኑ ቦርሳቸውን ሲፈትሽ የአዳራሹን ቁልፍ አገኘ፤ በዚያው ወደ ጣቢያ መጡ።

«እትዬ፣ ይህ ቁልፍ የምንድን ነው?»

«የአዳራሹ ነዋ። የክፍሉ ኃላፊ ሳለሁ የያዝኩት።»

«ለምን አልመለሱትም?»

«ስሰናበት አበባ ሰጡኝ፣ ፎቶ አነሱኝ፤ ቁልፍ የጠየቀኝ የለም።»

«ትናንት ሊመሽ ሲል የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የሚያመኝን እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«እግሬን ስታጠብ ምስክር አልጠራም፣ ልጄ።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ኢንስፔክተሩ ወንበሩን ጠጋ አደረገ።

«ሰሌዳዋን እርስዎ ነዎት የፈቱት?»

«እኔ እጄ ቢደርስ በሰሌዳ የምመለስ እመስልሃለሁ? ማሽኑን በሙሉ ነበር የምበትነው!» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ስማኝማ። መሐንዲሱ እንዲመጣ ደጅ ስጠና የከረምኩት እኔ ነኝ። ይታይልኝ ያልኩትን ነገር ራሴ እሰርቃለሁ? ደግሞ እነ ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቼን ስብሰባ ጠርተዋቸዋል። ‹ድርሻችሁን ሽጡልን፤ ክሱን አንሱ› ነው ነገሩ። እኔ ከሌለሁ ይፈርማሉ። ‹መቀስን ያሰረ እኛን መች ይተወናል› ይላሉ። ከፈረሙ በኋላ ነፃ ነሽ ብትለኝ ምን ይሠራልኛል?»

ኢንስፔክተሩ ተነሳ። ሲወጣ ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ከሥራ እንዳለች የመጣች ትመስላለች፤ የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ነው።

«እናቴ ሰርቃለች?» አለችው በቀጥታ።

«ቆዪ።»

«ምን እቆያለሁ? እነሱ ሊፈርሙ እኮ ነው!»

*

ወደ ፋብሪካው ሲመለስ መሐንዲሱን ማሽኑ ሥር በጀርባው ተኝቶ አገኘው፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ና እስቲ፣ ይህን እይልኝ» አለ እግሩ። ከዚያ ሰውየው ተጎትቶ ወጣና ባዶውን ቦታ አሳየው። «ሰሌዳ ለብዙ ጊዜ ከተለጠፈበት ሲነሳ፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ከዙሪያው ይለያል። አቧራ አላገኘውማ፤ ብርሃን አላገኘውማ። ይሄን ግን አየኸው? አንድ ዓይነት ነው። ሰሌዳዋ የሰሞኑ ናት።» በጥፍሩ ቀለሙን ፋቅ አደረገው። ከሥሩ ነጭ ነገር ብቅ አለ። «ይሄ ደግሞ ስቱኮ ነው። አሮጌ ቀዳዳ ደፍነውበታል። ፊት ሌላ ሰሌዳ ነበረ፤ ነቅለውት፣ ደፍነው፣ ቀብተው፣ አዲስ ለጥፈዋል።»

«የጠፋችው ሐሰተኛ ናት በለኛ።»

«‹ሐሰተኛ› የእናንተ የፖሊሶቹ ቃል ነው። እኔ አዲስ ናት ነው ያልኩት። ደግሞ ሰሌዳ ኖረ አልኖረ ግድ የለኝም፤ የማሽኑን ዕድሜ ከሆዱ እናገረዋለሁ። ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብቻ።»

ኢንስፔክተሩ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሥራ አስኪያጁ ሐሰተኛ ሰሌዳ ካስለጠፈ መሐንዲሱ እንዲያያት ይጓጓል እንጂ አይነቅላትም። ቁጣውም የተንኮሉ ፍሬ ከአፉ የተነጠቀበት ሰው ቁጣ ነው፤ ለዚህ ነው የምር የሆነው። መቀስ ደግሞ ሐሰተኛነቷን አውቀው ቢሆን ቦታዋ ላይ እንዳለች ለዓለም ባሳዩአት! ታዲያ ለማን ነው የጠቀመው?

«ያን ቁልፍ ሞክረኸዋል?» አለው ሳጅኑን።

«የአዳራሹ ነው ብለው አምነዋል እኮ፣ አለቃ።»

«ቆይ።» ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። ቁልፉ ገባ። ወደ ቀኝ ሞከረ፤ ወደ ግራ ሞከረ፤ ንቅንቅ አላለም።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠየቅ ቁልፉን ክሱ እንደተጀመረ ማስለወጡን ተናገረ። አንዱ ካዝና ውስጥ ነው፤ ሌላው ከራሱ ጋር ነው።

«ትናንት ሊመሽ ሲል የእርስዎ የት ነበር?»

«ቤት። ሆቴል የቦርድ ስብሰባ ነበረን፤ ሹፌር ነው የወሰደኝ፤ ቁልፎቼን አልያዝኩም።»

«የእህትዎ ባልስ?»

«አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሆቴሉን ጠይቅ።»

ጠየቁ። እውነት ነው። አስተናጋጆቹ ሁለቱንም ያስታውሷቸዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አድርጎ፣ የእህቱ ባል ደግሞ ብርጭቆ ሰብሮ ነበርና።

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ» አለ ኢንስፔክተሩ። «አሮጌዋን ሰሌዳ የት ጣሏት?»

የሥራ አስኪያጁ ፊት ውሃ እንደፈሰሰበት ቀለም ወረደ። «ከአሁን ወዲያ የምታናግረኝ በጠበቃዬ በኩል ነው» አለ።

ኢንስፔክተሩ ወደ አለቃው ደወለ። አለቃው በጥሞና አዳመጠና ተነፈሰ። «ቁልፉ አልሠራ፤ ይሁን። ግን ጥበቃው ‹ገቡ› ብሏል ወይስ አላለም? እማኝ እያለህ በምን አፌ ልፍታቸው? ቃሉን ካስለወጥክልኝ አሁኑኑ ይወጣሉ።»

*

ወደ ጣቢያ ሲመለሱ መኪናውን ኢንስፔክተሩ ይነዳል፤ ስልኩን ሳጅኑ ይዞለታል። መንገዱ ተዘግቷል። ሰዓቱ ግን መንገድ ተዘጋ ብሎ አይቆም፤ እነዚያ ሰዎች አሁን ወንበር እየያዙ ይሆናል። ስልኩ ጮኸ።

«ባለቤትዎ ናቸው፣ አለቃ።»

«በኋላ እደውላለሁ በላ—» ኢንስፔክተሩ ፍሬን ረገጠ። ከኋላቸው ያለው መኪና ጥሩምባውን አንባረቀው። «ምን አልክ?»

«ባለቤትዎ ናቸው አልኩ። ላንሳው?»

«ስንት ናቸው?»

ሳጅኑ ግራ ተጋብቶ አየው። «እነማን?»

«‹ናቸው› አላልክም? ስንት ናቸው?»

«አለቃ፣ እኔ እስከማውቀው አንድ ሚስት ነው ያለዎት።»

ከስልኩ ውስጥ ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ፤ ሳጅኑ ሳያውቅ ከፍቶታል። «ሁለተኛዋ ማን ናት ደሞ?»

«የኔ ቆንጆ!» ኢንስፔክተሩ ስልኩን ነጥቆ ጮኸበት። «ሁለተኛ የለም! አንድ ናት! አንድ ሰው ናት የገባችው፤ ሴት ናት፤ አከበሯት እንጂ አልበዙም! እጅሽን ልሳመው!»

«አመመህ?»

«ማታ እነግርሻለሁ!» መኪናውን ባገኘው ክፍተት አዙሮ ወደ ጥበቃው ሰፈር ገሠገሠ።

ሳጅኑ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ለራሱ ይደግማል። «መጡ… ገቡ… ባለቤት ናቸው…» ድንገት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ኧረ ጉድ! እኔ እኮ ነኝ ‹ባዮቹ› ብዬ የጻፍኩት!»

«አንብቤ ዝም ያልኩትስ?»

*

ሽማግሌው አልተኙም። ግቢያቸው ውስጥ እግሩ የተሰበረ ወንበር ገልብጠው በሚስማር ይጠግናሉ።

«አባባ፣ ትናንት የገቡት የማን ባለቤት ናቸው?»

«የማን ይሆናሉ? የጌታዬ የሥራ አስኪያጁ ናቸዋ! የመድኃኒት ቤቷ እመቤት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩዎ እኮ! ‹ባለቤት ናቸው› አልኩ። ጌታዬ ብድግ አሉና ነገሩን ወደ ሌላ ወሰዱት። ‹አሃ፣ ሚስታቸውን እየሸሸጉ ነው› አልኩ በሆዴ። በባልና ሚስት መሃል ምን አገባኝ? ሥራዬስ?»

«በዚህ ቃል መቀስ ታስረዋል።»

መዶሻው ከሽማግሌው እጅ ወደቀ። «መቀስ? እኔ ባልኩት?» ኮፍያቸውን ፈለጉ፤ ራሳቸው ላይ ነው። «ውሰዱኝ፣ ጌታዬ። አሁኑኑ ውሰዱኝ። የትም ቦታ፣ ማንም ፊት እናገራለሁ፤ ሥራው ገደል ይግባ!»

ኢንስፔክተሩ ሽማግሌውን ከሳጅኑ ጋር በታክሲ ወደ ጣቢያ ላካቸውና ብቻውን ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ።

ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ለአንዲት እናት ክኒን ፈጭታ፣ ለሕፃን በሚሆን መጠን ከፍላ በወረቀት ትጠቀልላለች። አንዱን ጫፍ ሌላው ውስጥ አስገብታ ቆለፈችው። ኢንስፔክተሩ ጣቶቿን ተመለከተ። ጠዋት እሱ ያቃተውን እሷ ሳታየው ነው የምትሠራው።

እናትየዋ ስትወጣ ሴትየዋ ዞረች። «ምን ልታዘዝ? ራስ ምታት ነው?»

«ነበረ። አሁን እየለቀቀኝ ነው።» ብሎኖቹ የነበሩበትን ወረቀት ባንኮኒው ላይ አኖረው።

አየችው። በሩን ሄዳ ዘጋችው። ተመልሳ መሳቢያ ስባ ትንሿን የብረት ሰሌዳ አወጣችና ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ለምን?» አላት።

«ቤቴ ውስጥ ነው ያየኋት። ከእህቱ ባል ጋር ሆነው አስቀርጸው አመጧት። ማሽኑን አሮጌ መሆኑን እያወቀ ገዛ፤ ስህተት ነው፤ ስህተቱን ይከፍላል፤ ከሥራውም ይነሳ፤ አልሞትም። ይህችን ለፍርድ ቤት ሰው ካሳየ ግን እስር ቤት ነው የሚገባው። ለመንኩት። ‹አንቺ አይገባሽም› አለኝ። ስለዚህ ቤት ትቶት የሄደውን ቁልፍ ይዤ ገባሁና መሐንዲሱ ሳያያት በክኒን መቁጠሪያዬ ቢላ ፈታኋት። ብሎኖቹን… እንጃ፤ ትንንሽ ነገር ሜዳ ላይ ጥዬ መሄድ አልችልም።»

«ለእሱስ ለምን አልነገሩትም?»

«ልነግረው ነበር። ጠዋት በስልክ ሲጮህ ስሰማው ፈራሁ። እስኪበርድለት ብዬ…»

«በዚህ መሃል ሰው ታስሯል። መቀስን ያውቋቸዋል?»

ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ ጫነች። «መቀስን? የሠርግ ልብሴን ያጠበቡልኝ እሳቸው ናቸው! እግዚኦ!» ጋውኗን እያወለቀች፣ ቁልፍ እየፈለገች፣ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «አንተ? ሰሌዳዋን የወሰድኳት እኔ ነኝ። ፖሊስ አጠገቤ ነው። አትጩህ። አትጩህ አልኩህ! አላሳየሃትም፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ አልጋህ ላይ ትተኛለህ። ስለ ሌላው ማታ እንነጋገራለን።»

ዘግታው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። «ከሳምንት በፊት ነበር እንዲህ ማለት የነበረብኝ» አለች።

*

አለቃው የጥበቃውንም የሴትየዋንም ቃል ሰምቶ ሲያበቃ የራሱን ግንባር በመዳፉ መታ። «‹ባለቤት ናቸው!› እኔስ ብሆን ምን ልረዳ ነበር?» አለና መልቀቂያው ላይ ፈረመ። ሰሌዳዋ ማንም ፊት ስላልቀረበች በሥራ አስኪያጁ ላይ የሚሆነውን ዐቃቤ ሕግ ያያል፤ የማሽኑን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ይዞታል። መቀስ ግን በዚህች ደቂቃ ነፃ ናቸው።

መቀስ ሲወጡ ኮሪደሩ ላይ መድኃኒት ቀማሚዋ ቆማለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትነካ ስትል በክንዷ ያዙና አቃኗት።

«ባልሽን አድናለሁ ብለሽ እኔን አሳሰርሽኝ?»

«አላወቅኩም፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ግን ክሱን አላነሳም፤ እወቂው!»

«አያንሱ» አለች። «እኔም ብጠየቅ ያየሁትን እናገራለሁ።»

መቀስ ትንሽ አዩዋትና ጉንጯን ነካ አደረጉላት። ከዚያ ዘወር ብለው፣ «ማነው መኪና ያለው?» አሉ።

ኢንስፔክተሩ ነዳ፤ ልጅየዋ ከኋላ ተቀምጣ «ፍጠን፣ ፍጠን» ትለዋለች። የስብሰባው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። መቀስ ደረጃውን የወጡት በዚያ የታመመ እግራቸው አይመስልም።

ውስጥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተሰልፈዋል። የኩባንያው ጠበቃ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል፤ ከሰልፉ ፊት ያሉት መላጣ ሽማግሌ፣ የድሮ የመጋዘን ሠራተኛ፣ እስክሪብቶ ይዘው ጎንበስ ብለዋል።

በሩ ሲከፈት ሁሉም ዞረ። አንዲት ሴት «መቀስ!» ብላ ጮኸችና አፏን ያዘች።

መቀስ በሰልፉ ጎን አልፈው ጠረጴዛው ድረስ ሄዱና እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ፈርመሃል?»

መላጣው ሽማግሌ ወረቀቱን አዩ፤ መቀስን አዩ። «አንድ ፊደል ብቻ።»

«የትኛዋን?»

«የመጀመሪያዋን።»

«አንተ እኮ ከድሮም ስምህን ጽፈህ ለመጨረስ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብህ። ዛሬ ጠቀመን!» አሉና እስክሪብቶውን ከሽማግሌው ጣት መንጭቀው ለጠበቃው መለሱለት።

መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው መላጣው ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ከኋላቸው ያሉት፤ ከዚያ ቤቱ በሙሉ፤ ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው የሚስቀው ዓይነት፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሳቅ። ልጅየዋ እናቷን አቅፋ በአንድ እጇ መስኮቱን ከፈተች፤ ቤቱ ታፍኖ ነበር። ጠበቃው ወረቀቱን ለመሰብሰብ ቢሞክርም ንፋሱ ሁለቱን ገጽ ወስዶበት ወንበር ሥር ገብቶ ይፈልጋል። ኢንስፔክተሩ የበሩን መቃን ተደግፎ ቆሞ፣ እሱም እንደሚስቅ ያወቀው ጎኑን ሲወጋው ነው።